ጾምህን ማን ጾመልህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጭቃና ስለ ወጥ ነው። «ይኼ ከጾም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ የወረኢሉን ሰው ይጠይቅ። በእኛ ደጋ ሁዳዴ የሚገባው እህሉ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ፣ ክረምቱ ገና ሩቅ ሳለ ነው። ዝናብ የቦረቦረው ግድግዳ የሚመረገው፣ የዛገው ቆርቆሮ የሚነሣው፣ የበሰበሰው ማገር የሚለወጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ካለፈ ክረምት ይቀድማል፤ በልጉም ቢሆን ቀን ቆርጦ አይመጣም። ስለዚህ ጾሙና የቤት እድሳቱ በየዓመቱ በአንድ ሰሞን ይገጥማሉ።

ቤት ሊታደስ ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚፈናቀለው ማድ ቤቱ ነው። ምጣዱ ጎረቤት ይሄዳል፤ ሦስት ጉልቻ ግቢ ውስጥ ከአጥሩ ሥር ይተከላል፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ይወጠርና «ማድ ቤት» ይባላል። ባልትና ያላት ሴት ይህን አስቀድማ ታውቃለች። ግድግዳው ሳይነካ ስልጆዋን ታዘጋጃለች። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ በስሎ፣ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ ገብቶበት፣ ጥቂት ቀን ተከድኖ ከተብላላ በኋላ በየቀኑ እሳት አይፈልግም። በሶው ይፈጫል፣ ቆሎው ይቆላል፣ ተልባው ታምሶ ይወቀጣል። እንጀራው ተራ ተጠብቆ በጎረቤት ምጣድ ይጋገራል። እንዲህ ያልተሰናዳች ቤት፣ በጭዱ አቧራ መካከል ሽሮ ስታማስል ብትውል ሽሮውም ግማሹ ጭድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ ቋንቋ ሊጥም ይቦካል፣ ጭቃም ይቦካል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ እየተጨመረለት ቀናት ካልሰነበተ፣ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሊጡን የእናት እጅ ያቦካዋል፤ ጭቃውን ግን የሚያቦካው የቀን ሠራተኛ እግር ነው። ጉዳዬ ከዚህ እግር ላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔም በዚያ ሰሞን የእናቴን ቤት ላስመርግ ወደ አገሬ ወጣሁ። አንድ መራጊ፣ አንድ አናጢና ሁለት ጭቃ ረጋጮች ቀጠርሁ። መራጊው ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ እሱም በጾም ላይ ነው። ውላችን «በምሳ» ነበር። የቅድስት ሳምንት ማክሰኞ ቀን፣ ከጣራው ሦስት ቆርቆሮ ወርዶ ሳለ፣ ከተራራው በኩል ደመና መጣ። ቶሎ ቶሎ እያልሁ አጣደፍኋቸው። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ከረጋጮቹ አንዱ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከጭቃው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍ» አለኝ። እኔ ጥላ ሥር ቆሜ «አይዞህ፣ ጾም ነው፤ ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሁላችንም አብረን ነን» አልሁት። ምንም አላለም፤ ተመልሶ ገባ።

እውነቱን ልናገር። ሁላችንም አብረን አልነበርንም። እኔ ማታ የምስር ወጥና ጎመን በልቼ፣ ተልባ ጠጥቼ፣ አልጋ ላይ ተኝቼ ያደርሁ ሰው ነኝ። እሱ ከገጠር የመጣ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ያን ማታ ራት ሳይበላ ያደረ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። እናቴ ግን ሳትሰማ ዐወቀች። ከጉልቻዋ ሥር ተነሥታ፣ ዐይኗን ከጢሱ እየጠረገች፣ በሶ በጥብጣ ቆሎ ጨምራ ይዛ መጣች። እኔም ፈጠን ብዬ «እማዬ፣ ልጁን አታስገድፊው እንጂ!» አልኋት። «ያንተ ጾም ያንተ ነው ልጄ። የሱን ማን ሰጠህ?» አለችኝ።

ይህ ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወኝም። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ እስቲ አብረን እንመርምረው።

ከነቢያት መጻሕፍት ስለ ጾም አብዝተን የምናነሣው ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ነው። በዚያ ሕዝቡ ወደ እግዚአብሔር አቤት ይላል፤ «ጾመን ሳለ ለምን አልታየልንም?» ነው ጥያቄው። የሚሰጠው ምላሽ ስለ ሥጋና ቅቤ አያወራም። በጾማቸው ቀን የራሳቸውን ጉዳይ እያሳደዱ፣ በሥራቸው ያለውን ሠራተኛ እንደሚያስጨንቁ ይነግራቸዋል። ይህን ክፍል ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ሠራተኛ ቀጥሬ በሰማሁበት ዓመት ግን ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ምዕራፉ ወረድ ሲል ለተራበ እንጀራ ስለ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ወደ ቤት ስለ ማስገባት ይናገራል። ደግሞም ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ እንዲህ አድርጎ የሚጾም ሰው የሚሰጠው ስም የፈረሰውን የሚያድስ፣ ሰው የሚኖርበትን መልሶ የሚያቀና የሚል ነው። የጾሙ ምዕራፍ የቤት እድሳት ምዕራፍም ነው ማለት ነው። መራጊና ጾመኛ በአንድ ገጽ ተገናኙ።

አንዳንድ አባቶች ይህን ሲሰሙ «እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምን ጭቃ ስንረግጥ ኖረናል፤ የዛሬ ልጅ ሰነፈ» ይላሉ። ጾማቸውን አከብራለሁ፤ በረከታቸው ይድረሰን። ነገር ግን የረገጡት የማንን ጭቃ ነበር? የራሳቸውን ነው፤ ወይም በደቦ የጎረቤታቸውን። በደቦ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ጭቃው ውስጥ ነው። ሁሉም እኩል ተርቦ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአንድ ገበታ ይቆርሳል፤ ዛሬ የረገጠለት ሰው ነገ ተራው ደርሶ ይረገጥለታል። በወሎ ደግሞ የጾም ማዕድ ልዩ ጸጋ አለው። በፍስኩ ጊዜ በሥጋው ምክንያት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ገበታ ይለያያል፤ በጾም ጊዜ ግን ሽሮው፣ ክኩ፣ ንፍሮው ሁሉንም ያገናኛል። ወረኢሉ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋን ዘማች የቀጠሩባት አገር ናት፤ ሰው ሰብስቦ ማብላት ዛሬ የተማርነው ነገር አይደለም።

ዛሬ ግን በከተማው ደቦው ቀንሶ በገንዘብ ሆኗል። ገንዘብ ሲገባ የጾሙ ነገርም ተለወጠ። እኔ ጥላ ሥር ቆሜ ስጾምና እሱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲጾም፣ ሰዓቱ አንድ ቢሆንም ጾሙ አንድ አይደለም። ይባስ ብሎ የእሱ መራብ ለእኔ ጥቅም አለው፤ የስድስት ሰዓቱ ምሳ ወደ ዘጠኝ ሲገፋ ሥራው አይቋረጥም፣ ወጪውም ይቀንሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ሲያሰላ ያድራል፤ የቆርቆሮውንና የሚስማሩን ዋጋ መቀነስ ስለማይችል ከምሳው ይቀንሳል። ቆርቆሮ ሻጩን «ጾም ነውና ቀንስልኝ» የሚል የለም፤ ጭቃ ረጋጩን ግን «ጾም ነውና ታገሥ» እንለዋለን። ያኔ ጾሙን የጾምሁት እኔ ነኝ? ወይስ ሌላ ሰው ጾሞልኝ እኔ ስሙን ወሰድሁ?

ነህምያን አስቡት። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው መጾም ነው። ከዚያ ሄደና ሠራ፤ ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ፤ ከእኛ 55 ቀን ጾም በሦስት ቀን ቢያንስ ነው። ነገር ግን በሥራው መካከል፣ በመጽሐፉ ምዕራፍ 5 ላይ፣ የሕዝቡ ጩኸት ተሰማ። እህል ለማግኘት እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ነበር። ነህምያ «ሥራው የእግዚአብሔር ነውና ቻሉት» አላላቸውም። ተቆጣ፤ ወለዱ እንዲቀር፣ የተያዘው እንዲመለስ አደረገ፤ ለአለቃ የሚገባውን ቀለብ ራሱ ትቶ 150 ሰው በማዕዱ ያበላ ነበር። የጾመው እሱ፣ የበሉት ሌሎች። የእኔ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ ሰውየውን በስድስት ሰዓት ባበላው ጾሙን አስገደፍሁት፤ ኃጢአቱ በማን ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በእኔ አስተያየት ግን ምግብ ማቅረብና ማስገደፍ ይለያያሉ። የጾሙን ሰዓት በተመለከተ የሚመክረው ንስሐ አባት አለው፤ ጉልበቱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሕመም ይኑርበት አይኑርበት እኔ አላውቅም። የእኔ ድርሻ ውሌን መፈጸም ነው። የጾም ምግቡን በሰዓቱ አቀርባለሁ፤ ከፈለገ ይበላል፣ ካልፈለገ ተከድኖ ይቆየዋል። ምሳውን ደብቄ ባስጾመው ግን የእሱ ጾም ጾም አይባልም፤ ፈቃዱ የለበትማ! እኔም እጄ ላይ የቀረው የሰው ምሳ ነው።

ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ ሁልጊዜ የምንረሳው። የምታበስለዋ ናት። ከማለዳ ጀምሮ ሽታው ሲያውዳት፣ ጨው በቃው አልበቃው ሳትቀምስ፣ በግምት ወጥ ሠርታ፣ ለስድስት ሰው እንጀራ ከጎረቤት ተሸክማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ራሷ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትጠብቃለች። ሁሉም ሲበላ እሷ ዕቃ ታነሣለች። በዚህ ላይ እኛ ወንዶች በሦስት ጉልቻ ላይ ክኩን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ አዚፋውን፣ የሽንብራ ዓሣውን ሁሉ እንጠብቃለን። ሥጋ ተው ስንባል በያይነቱ ፈለሰፍን፤ ከፋሲካ የማይተናነስ! እሷም ብትሆን ይሉኝታ አለባት፤ «ሠራተኛ አስቀጥረው ደረቅ ነገር አበሉት እንዳይባል» ብላ ትደክማለች። በዚህ ጊዜ የቤቱ አባወራ ደፍሮ «አንድ ወጥ ይበቃናል፤ የሚበቃ ይሁን እንጂ የሚበዛ አይሁን» ቢል ከብዙ ስግደት የሚቆጠርለት ይመስለኛል። ቤቱ በፈረሰበት ወር ገበታውም ትንሽ ቢያንስ ምን አለበት? ጉልቻ ሥር ተራ ገብቶ ጢሱን መቅመስም ይቻላል፤ እኔ ሁለት ቀን ሞክሬው ዐይኔ ሲያለቅስ ነው የዋለው።

መራጊው ጎረቤታችን ያን ቀን ሁሉን ሲያይ ዋለና ማታ ሊሄድ ሲል መፍትሔውን ነገረን። «እኔ በረመዳን ንጋት 12 ሰዓት ጀምሬ ስምንት ሰዓት ላይ አቆማለሁ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ብዙ ይሠራል። ለምን እንደዚያ አናደርግም?» አለ። እናቴ ለማፍጠሪያው ዳቦና ምስር ቋጥራ ሰጠችው። ለሁለቱ ረጋጮችም ለማታ ራት የሚሆን እንጀራ፣ በጣሳ ከስልጆ ጋር አስያዘቻቸው። እኔ የቀኑን ሒሳብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከፈልሁ፤ ያም ቢሆን ከኦሪት ዘዳግም 24 አልዘለለም፣ የታዘዘ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው በስምንት ሰዓት እያበቃ ሙሉ ቀን ሊታሰብ ተስማማን። መቼም ወጪው ሲጨምር ከንፈሬን አልነከስሁም ብል ሐሰት ነው።

በማግሥቱ ረቡዕ በንጋት ተሰበሰብን። ደመናው ሌሊቱን ጥቂት አካፍቶ ሄዷል፤ የተመረገው ግድግዳ ግን አልተጎዳም ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ እናቴ ገበታ ዘርግታ ጠራቻቸው። አንደኛው ረጋጭ ታጥቦ ተቀመጠ። ያ ትናንት የተቀመጠው ወጣት ግን ከጭቃው ውስጥ እንደቆመ ቀና አለ።

«እማማ፣ የኔን ይክደኑልኝ» አላት። «ማታ በልቼ ስላደርሁ ዛሬ እስከ ዘጠኝ እችላለሁ።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።