ዳንኤል ብቻውን አልነበረም



በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከይሁዳ ተማርከው ወደ ባቢሎን የተወሰዱት ወጣቶች ከንጉሡ ማዕድ እንዲበሉና ከወይን ጠጁ እንዲጠጡ ታዝዞላቸው ሳለ፣ ዳንኤል ይህን ላለመቀበል በልቡ ቈረጠ። ለዐሥር ቀን አትክልትና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው፣ ከዚያም መልካቸው ታይቶ እንዲፈረድላቸው ጠባቂውን ለመነ። በስብከት ጊዜ ዘወትር የምናነሣው የዳንኤልን ጽናት ነው። ልመናው በአራት ሰዎች ስም የቀረበ መሆኑን ግን አናስተውለውም። አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ አብረውት ነበሩ። ሁሉም ሰው በሚበላበት በንጉሥ ግቢ፣ አንድ ወጣት ብቻውን ቢሆን ዐሥሩን ቀን መዝለቅ እጅግ በከበደው ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣንበት ምክንያት የስኳር በሽታ፣ በተለይም ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው። ሕመሙ የአዲስ አበባ ባለጸጎች ብቻ መስሎ ይታይ የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ በቢቸናና በሞጣም ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ቤት የምትውለው እናት የክትትል ካርድ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። በቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባ ነው። በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ በጉበትና በቆሽት የተከማቸ ትርፍ ስብ ይህን ሥራ ያውከዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለርና ፕሮፌሰር ማይክል ሊን የመሩት ዳይሬክት የተባለ ጥናት ውጤት ታተመ። ተሳታፊዎቹ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ፣ ሕመሙ ከታወቀባቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸው፣ ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎች ነበሩ። ከሦስት እስከ አምስት ወር ድረስ በቀን ከ825 እስከ 853 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የሚሰጥ ምግብ ተመገቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት የስኳር መጠናቸው ከሕመሙ ወሰን በታች ሆነ። 15 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ ከመቶ 86ቱ እንዲሁ ሆነላቸው። ሐኪሞች ይህን ፈውስ አይሉትም፤ ሕመሙ ጋብ ብሏል ይላሉ፤ ክብደቱ ከተመለሰ ሊመለስ ይችላልና። በእርግጥም በሁለተኛው ዓመት ቍጥሩ ከመቶ ወደ 36 ወረደ። ክትትላቸውን ከቀጠሉት መካከል እስከ አምስተኛው ዓመት በዚያው ሁኔታ የቈዩት ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ይህን የመጨረሻውን ቍጥር ልብ እንድትሉት እንፈልጋለን። እነዚያ ሰዎች ሐኪም፣ ነርስ፣ ሚዛንና መለኪያ አልጐደለባቸውም ነበር። ጥቂት ወራት መታገሥ ለብዙዎች ተቻላቸው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሰው ወደ ቀድሞው ማዕዱ፣ ወደ ዘመዱና ወደ ጎረቤቱ ይመለሳል።

የእኛስ ማዕድ ምን ይመስላል? የቢቸና ዙሪያ የጤፍ ምድር ነው፤ በዚያ አገር እንግዳን ሳያጠግቡ መሸኘት ነውር ነው። በማኅበርና በዝክር ዕለት ጠላው ተቀድቶ ይቀርባል፣ «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ ይዘረጋል፣ ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ስኳር ይጨመራል። ሕመምተኛው አንድ ጊዜ እምቢ ይላል፣ ሁለተኛም እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው ንቀት እንዳይመስልበት ይቀበላል። በቀጠሮው ቀን ነርሷ «አባቴ፣ ምን በሉ?» ብላ ስትጠይቀው አንገቱን ይደፋል። «ጤፍ ለስኳር አይከፋም» የሚለው ወሬም አለ። ጤፍ ከነጭ ዱቄት ዳቦ የሚሻልበት ነገር ቢኖርም፣ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ እህል መሆኑ አይቀርም፤ ሦስት እንጀራ የሚያነሣ ሰው እንጀራው የጤፍ ስለሆነ ብቻ ከጉዳት አያመልጥም።

በእኛ አስተያየት ያ ጉርሻ የሕመምተኛው ጥፋት ብቻ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ወንድሙን የሚያሰናክለው ከሆነ ሥጋ መብላትን ፈጽሞ እንደሚተው ጽፏል። ሐዋርያው የራሱን መብት ለወንድሙ ሲል ከተወ፣ እኛ አንዲት ጉርሻ መዘርጋትን መተው ሊከብደን አይገባም። «በሞቴ» የሚለው ቃል ከፍቅር የሚወጣ መሆኑን አንክድም፤ ለዚህ ወንድም ግን ፍቅር የሚሆነው ውኃ ቀድቶ ማቅረብና «ለምን አትጠጣም?» ብሎ በሰው ፊት አለመጠየቅ ነው።

እንግዲህ ሦስት ወይም አራት ሕመምተኞች፣ እያንዳንዳቸው ከቤተሰባቸው አንድ ሰው ይዘው፣ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኙ። ከቤተሰብ ሲመጣ ወጥ የምትሠራው ብትሆን ይመረጣል፤ ባል ጎመንና ምስር ብቻ ሲፈቀድለት ሌላው ቤተሰብ በፊቱ ሌላ ማዕድ የሚዘረጋ ከሆነ ቤቱ ራሱ የባቢሎን ግቢ ይሆንበታልና። ሲገናኙ ክብደታቸውንና የስኳር ልኬታቸውን ሳይተፋፈሩ ይነጋገሩ፤ የወጣው ቍጥር ከፍ ያለ ቢሆን ማንም አይገሥጽ። እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት እንዴት እንደ ተቻለ የተሳካላት እናት ለሌሎቹ ታስረዳ። አንዱ የሌላውን እግር ይመልከት፤ ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ጫማ የላጠውን ቍስል ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። የጌታን የእግር ማጠብ ሥርዐት በዓመት አንድ ጊዜ ለምናከብር ሰዎች ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 የሕመምተኞችን እርስ በርስ መረዳዳት ለብቻው አንሥቶ የተወያየበት ጉባኤ አድርጎ ነበር።

ነገር ግን ባልንጀራ ሐኪም አይደለም። በዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን። ከላይ የጠቀስነው ጥናት የተደረገው ክብደት በበዛባቸው ሰዎች ላይ ነው። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሐኪሞች ካገኟቸው የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድኾችና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ዓይነት አምስት ብሎ ተቀብሎታል። እንዲህ ያለውን ሰው «ምግብ ቀንስ፣ መርፌውንም ተው» ብሎ መምከር ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ትንቢተ ዳንኤልም ቢሆን አራቱ ወጣቶች ከዐሥር ቀን በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ወፍረው ታዩ ይላልና፣ ክብደት የሚቀንስ የምግብ ማዘዣ አድርገን አናንብበው። ዳንኤል አስቀድሞ ጠባቂውን እንዳስፈቀደና ውጤቱ እንዲታይ እንደ ጠየቀ ሁሉ፣ ሕመምተኛውም ምግቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ከዚያም ይለካ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገድ እየዘጋ መድኃኒት ማግኘትን አስቸግሯል። በዚህ ምክንያት አንዱ የሌላውን ኪኒን ተውሶ ቢወስድ መጠኑም ዓይነቱም ላይስማማው ይችላል፤ ከዚህ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ካርድ ጭምር ይዞ ቢሄድና ቢጠይቅለት ይሻላል።

ጾምን በተመለከተ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢውል ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ የምታደርግ መሆኗን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት በየቤቱ ያስረዱ። መጾም እወዳለሁ የሚል ቢኖር በእነዚያው ሁለት ሳምንታት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። እጁ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቀው የሚያይ ሰውም ሰዓቱን ሳይጠብቅ ወዲያው በስኳር የጣፈጠ ሻይ ያጠጣው፤ መዋጥ ካልቻለ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይውሰደው።