የሦስት መንደር ጥሩምባ

በአንድ ወንዝ ዳር ሦስት መንደሮች ነበሩ። ሦስቱም በሙያው የተመሰገነ ጥሩምባ ነፊ ነበራቸው። የላይ ሰፈሩ ሰው ሲሞት ሦስት ጊዜ ይነፋል። የታች ሰፈሩ ሦስት ጊዜ የሚነፋው ሠርግ ሲኖር ነው። የማዶው ደግሞ ሦስቱን የደቦ መጥሪያ አድርጎታል። ሁሉም በየመንደሩ ሲነፋ ችግር የለም፤ ልጅ አዋቂው ቆጥሮ ይገባዋል።

አንድ ቀን በላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ዐረፉና ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። የታች ሰፈር ሴቶች ጥበብ ለብሰው፣ ከበሮ አንግተው፣ እልል እያሉ ደረሱ። የማዶ ወንዶች ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሐዘንተኞቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ ከሁለቱም ጋር ግቢው በር ላይ ተገጣጠሙ። ዱላ ሊመዘዝ ሲል ያበረዱት የሟቹ ባለቤት ናቸው፦ «ኧረ ተዉ፣ እሳቸው ደጃቸው የደረሰ እንግዳ መልሰው አያውቁም፤ አስገቧቸው።»

ከቀብር በኋላ ነፊዎቹ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ «ደግ ነው፣ አንድ እንሁን፤ የኔን ያዙ» አለ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ከተራራው ባሻገር ያሉ ከተሞች በዚያው ሰሞን ላገር ምድሩ ሁሉ የሚሆን የጥሩምባ ቁጥር በአንድ ብራና ላይ መጻፍ ጀምረዋል። እዚያ በቀን ሥራ የሚያድር አንድ የወንዙ ዳር ልጅ ይህን ሰምቶ ጸሐፊዎቹ ዘንድ ገባ። «ለኛም መስመር ይተዉልን» አላቸው።

«ቦታስ ሞልቷል። ግን የማንን እንጻፍ? የላዩን፣ የታቹን ወይስ የማዶውን?»

ልጁ የሚመልሰው አጣ። ስንቁን ቋጥሮ አገሩ ገባ፤ ሦስቱን ነፊዎች አንድ ቃል ለማናገር የደከመው ድካም ከተራራው መንገድ ባሰ። በመጨረሻ ብራናው ላይ የሰፈረው ቁጥር የአንዳቸውም አልነበረም። ሦስቱም እንደ ጀማሪ እንደገና ተማሩ፤ አንዱ ግን እስኪሞት ድረስ የድሮውን ነፋ።

ይህ የፊደላችንና የኮምፒውተር ነገር ነው። ኮምፒውተር «ሀ»ን አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት የደከሙት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ አሜሪካ ነበሩ፦ ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ፣ ፍስሐ አጥላው በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ ሌሎችም። ሥራቸው ድንቅ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንት ግን ከ256 የበለጠ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ እንዳመቸው ደለደላቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የባዕድ ፊደልና የነጥብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል።

የአፕል ኩባንያ መቀመጫ ኩፐርቲኖ ሲነሣ ሰው የሚጠራው ስቲቭ ጆብስንና ስቲቭ ዎዝኒያክን ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ግን እዚያው አፕል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት፣ ስማቸው እምብዛም የማይነሣው ማርክ ዴቪስና ሊ ኮሊንስ የበለጠ ውለታ የዋሉልን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከዜሮክስ ኩባንያው ጆ ቤከር ጋር ሆነው የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ በአንድ የቁጥር ሰንጠረዥ ለማስፈር ማሰብ ጀመሩ። ቤከር በ1988 ረቂቁን ሲያወጣ ዩኒኮድ አለው። በ16 ቢት 65,536 ቦታ ይገኛል፤ ለግዕዝም ይተርፋል።

ግዕዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው፣ 345 ምልክቶች ይዞ። «ሀ» 4608 ላይ ተቀመጠ፣ «ለ» 4616 ላይ። ለአንድ ቤት ስምንት ቦታ መሆኑ ነው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፅ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላለው። ከቀደሙት የሶፍትዌር ሠሪዎች የማንም ድልድል እንዳለ አልተወሰደም። አማርኛን ኮምፒውተር ላይ በማስገባት ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እኔ ግን አክብሮቴ የራሳቸውን ቁጥር ለተዉት ነው፤ ስንት ሌሊት የፈጀ ሥራ መተው ከመጀመሩ ይከብዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የየራሳቸው ቁጥር በነበራቸው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ተጽፏል። ዛሬም የዚያን ዘመን ፋይል የደረሰው ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ይዘቱ አይደለም፤ «ፎንቱ ምንድን ነው?» ብሎ ነው።