ሕግ ለሕይወት ስለ መሰጠቱ

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ልነግርህ የምወድደው ስለ አይሁድ ሕግና ስለ ሕጉ መምህራን ነው። ምናልባት ይህን ስታይ «እኛ በጸጋ የዳንን ነን፤ ከደረቀ ፊደል ጋራ ምን አለን?» ብለህ ወረቀቱን ልታጥፈው ትወድ ይሆናል። እኔም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ በወጣትነቴ ዘመን እንዲህ እያልሁ ሰብኬአለሁ፤ ያን ጊዜም ከአይሁድ መምህራን መጽሐፍ አንዲት ቅጠል እንኳ አላነበብሁም ነበር። ነገር ግን አንዱ ሕግ በአንድ ሰው እጅ ነፍስ ሲያድን፣ በሌላ ሰው እጅ ነፍስ ሲያጠፋ በእስራኤል አገር በእኛ ዘመን ታይቶአል። ይህም ነገር መጽሐፍ ቅዱስን በእጁ የያዘውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

ነገሩን ከሰንበት እንጀምር። መጽሐፈ ኩፋሌን በአገራችን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እርሱም በፍጻሜው በ50ኛው ምዕራፍ በሰንበት ቀን የሚዋጋ ሰው በሞት እንዲቀጣ ያዝዛል። ቤተ እስራኤል በሰሜን አገራችን ሳሉ ሰንበትን እጅግ አጥብቀው የጠበቁት እንዲህ ባለ ሥርዓት ነበር። አሁን ግን በንጉሡ በአንጥያኮስ ዘመን፣ ከጌታ ልደት በፊት በ167 ዓመት ገደማ፣ በይሁዳ ምድረ በዳ የሆነውን አስተውል። (ይህ ታሪክ የተጻፈበት የመቃብያን መጽሐፍ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ከሚነበበው መቃብያን የተለየ ነውና ስሙ አንድ ስለ ሆነ አትሳሳት።) ስለ ሕጋቸው ሸሽተው በዋሻ የተሸሸጉትን ሰዎች ጠላት በሰንበት ቀን ከበባቸው። እነርሱም ሰንበትን እንዳይሽሩ ፈርተው ድንጋይ እንኳ አልወረወሩም፤ የዋሻውንም ደጅ አልዘጉም። ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ሺህ ያህል ነፍስ በዚያ ቀን ጠፋ። ካህኑ ማታትያስና ወዳጆቹ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ። ከኀዘኑም በኋላ ተመካከሩ፤ ሁላችን እንደ ወንድሞቻችን ብናደርግ ሕጉን የሚጠብቅ ሰው በምድር ላይ አይገኝም አሉ፤ በሰንበትም የሚመጣባቸውን ጠላት ሊመክቱ ቈረጡ።

እኔ በዋሻው በሞቱት ላይ አልፈርድም፤ ስለ እግዚአብሔር ብለው ሞተዋልና። ነገር ግን ማታትያስ ሕጉን የተወ እንዳይመስልህ። ለሕጉ ከማንም ይልቅ የሚቀና ሰው ነበረ።

ኢየሩሳሌም ከጌታ ልደት በኋላ በ70 ዓመት ከፈረሰች በኋላ በነበረው ዘመን፣ ረቢ እስማኤልና ረቢ አቂባ፣ የዓዛርያስ ልጅ ረቢ አልዓዛርም በመንገድ ሲሄዱ ሰውን ከሞት ማዳን ሰንበትን እንዲሽር ከወዴት እናውቃለን የሚል ጥያቄ በመካከላቸው ተነሣ። ይህ ነገር በታልሙድ ውስጥ «ዮማ» በሚባለው ክፍል ተጽፎአል። እያንዳንዱ ማስረጃውን አመጣ። ረቢ አልዓዛር ከግዝረት ተነሥቶ ተናገረ፤ ከሰው ብልቶች አንዱን ብቻ የሚመለከት ግዝረት በሰንበት ከተፈቀደ፣ ሰውነትን ሁሉ ማዳንማ እንዴት አይፈቀድ? አለ። አንባቢ ሆይ፣ የዮሐንስን ወንጌል 7ኛውን ምዕራፍ ገልጠህ ተመልከት፤ ጌታችን በቤተ መቅደስ ከሰሱት ሰዎች ጋራ ሲነጋገር በዚያው መንገድ ሄዶ ነበር። እኔ ይህን ባነበብሁ ቀን ብዙ ዘመን ጠላት ብዬ የሰበክሁት ሰው ከጌታዬ ጋራ በአንድ መንገድ ሲሄድ አገኘሁትና አፈርሁ። እውነቱን ሁሉ ለመናገር ግን፣ መምህራኑ የተነጋገሩት በሞት አፋፍ ላይ ስላለ ሰው ነው፤ ጌታ ደግሞ እጁ የሰለለችውን፣ እስከ ማግሥት ሊቈይ የሚችለውን ሰው በሰንበት ፈወሰ። ልዩነቱ ይህ ነውና ልንሰውረው አይገባም።

ኋላም በባቢሎን የነበረው መምህር ሳሙኤል ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ አመጣ። ኦሪት ዘሌዋውያን በ18ኛው ምዕራፍ ትእዛዙን የሚያደርግ ሰው በእርሱ በሕይወት እንዲኖር ይናገራል፤ እንግዲህ ሰው ሊኖርበት ነው እንጂ ሊሞትበት አልተሰጠም አለ። ዕብራውያን ይህን ሥርዓት ፒቁአሕ ኔፌሽ ይሉታል፤ ከፍርስራሽ ሥር ነፍስን እንደ ማውጣት ማለት ነው። በ200 ዓመት ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና እንደሚያስተምር፣ በሰንበት ቀን ቤት በሰው ላይ ቢፈርስ፣ ከሥሩ ሰው መኖሩ ቢያጠራጥር፣ በሕይወት መኖሩም ቢያጠራጥር፣ እስራኤላዊ ወይም አሕዛብ መሆኑ እንኳ ባይታወቅ፣ ፍርስራሹን ያነሡለታል። በግብጽ ሐኪም የነበረው፣ በ1204 ዓመት የሞተው ታላቁ ሊቅ ሙሴ ወልደ ማይሞን ደግሞ ይህን ሥራ ለልጆችና ለአሕዛብ አትተዉት፤ የእስራኤል ታላላቆችና ጠቢባን በገዛ እጃቸው ያድርጉት ብሎ ጻፈ፤ የሕጉ ፍርድ በቀል ሳይሆን ምሕረት እንደ ሆነም አስተማረ። ሦስት ነገሮች ብቻ ከዚህ ወጥተዋል፤ ጣዖት ማምለክ፣ በዝሙት መርከስና ሰው መግደል ናቸው። የራሱን ነፍስ ለማዳን ንጹሕ ሰው የሚገድል ማንም እንዳይኖር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ይመስልህ ይሆናል። አይደለም፤ በመንግሥት ሸንጎ ላይ ወጥቶአል። እስራኤል በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጦርነት ሰፊ ምድር ያዘች፤ ከግብጽ ጋራም በ1979 የሰላም ውል አደረገች፤ የሲናንም ምድር እስከ 1982 መልሳ ሰጠች። ያን ጊዜ በሕጉ መምህራን መካከል ታላቅ ክርክር ተነሣ። እግዚአብሔር ለአባቶች የማለላቸውን ምድር ለሌላ ሕዝብ አሳልፎ መስጠት ይገባልን? አንዳንዶቹ አይገባም አሉ። ምድሪቱን ወርሶ መኖር ትእዛዝ ነው፤ ጦርነትም ሁልጊዜ ነፍስን አሳልፎ መስጠት ስላለበት በዚህ ትእዛዝ ላይ የሰው ሕይወት ምክንያት ሊሆን አይችልም ብለው ተከራከሩ። ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም፤ ከመጻሕፍት የተቀዳ ነው።

በዚያ ዘመን ከእስራኤል ሁለት ታላላቅ ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ግን በ1979 ሌላ ፍርድ ሰጡ። ስማቸውን ከዚህ በፊት ሰምተህ ይሆናል፤ በ1973 ቤተ እስራኤል በእውነት አይሁድ ናቸው ብለው የፈረዱ፣ በዚህም ለወንድሞቻችን የመግቢያውን በር የከፈቱ እርሳቸው ነበሩ። ፍርዳቸውን ከታመመ ሰው ጾም አመጡ። በማስተስረያ ቀን ጾም የታመመ ሰው ቢኖር ይብላ ወይስ ይጹም የሚለውን ረቢው ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሙን ይጠይቃል። እንደዚሁም የጦር አለቆችና የአገር አስተዳዳሪዎች ምድሩ ባይመለስ ጦርነት ይነሣል፣ ቢመለስ ግን እውነተኛ ሰላም ይሆናል ካሉ፣ ነፍስን ስለ ማዳን መመለሱ የተፈቀደ ነው አሉ። ሐኪሞቹም እርስ በርሳቸው ቢለያዩ ጥርጥሩ ወደ ሕይወት ያዘነብላል። ኋላ ከፍልስጤማውያን ጋራ በኦስሎ ከተደረገው ስምምነት በኋላ ደም በፈሰሰ ጊዜ ደግሞ፣ የፈቀድሁት ሰላምን ለሚያመጣ ነገር ነው እንጂ ደም መፍሰስን ለሚያመጣ አይደለም ብለው ተናገሩ። ከእርሳቸው ጋራ ብትስማማም ባትስማማም፣ ሐኪሙን መጠየቃቸውን ተመልከት። ብዙ ሰባኪ የማያውቀውን ነገር የሚያውቅ ሰው ከእርሱ ሌላ እንዳለ አያስብም።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር እመጣለሁ። በዚያው ሕግ ውስጥ የአሳዳጅ ሕግ የሚባል አለ፤ በዕብራይስጥ አሳዳጁን ሮዴፍ ይሉታል። ባልንጀራውን ሊገድል የሚያሳድደውን ሰው ያየ ሁሉ አሳዳጁን በመግደል እንኳ ቢሆን ተሳዳጁን ሊያድን ይገባዋል የሚል ነው። ይህም ነፍስን ለማዳን የተሠራ ሕግ ነው። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በ1993 ከፍልስጤማውያን ጋራ በተስማሙ ጊዜ፣ ምድር የሚሰጥ ሰው የአይሁድን ነፍስ ለሞት አሳልፎ ይሰጣልና አሳዳጅ ነው የሚል ቃል በአንዳንዶች ዘንድ ይነገር ጀመር። ከመምህራንም ጥቂቶች መሪዎቹ በዚህ ሕግ ይያዙ እንደ ሆነ በጽሑፍ ጠየቁ። ጥያቄ ብቻ ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1995፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በቴል አቪቭ ስለ ሰላም ከተደረገው ታላቅ ስብሰባ ሲወጡ፣ ሕግ የሚማር የ25 ዓመት ወጣት ከኋላቸው ተኩሶ ገደላቸው። በተያዘም ጊዜ ይህን የአሳዳጅ ሕግ ምክንያት አደረገ። ወጣቱ ኦሪትን ያልተማረ ሰው አልነበረም፤ በሃይማኖት ትምህርት ቤት ያደገ ነበረ።

ነገር ግን ሕጉን አንብቦ ነበርን? ታልሙድ በዚያው ስፍራ፣ አሳዳጁን አንድ ብልቱን በማቍሰል ብቻ ሊያስቆመው ሲችል የገደለው ሰው ራሱ ደም አፍሳሽ ነው ይላል። ስለዚህም መምህራኑ በሁለተኛ ሳሙኤል በ2ኛው ምዕራፍ ያለውን የአበኔርንና የአሣሄልን ታሪክ ይመረምራሉ። እግረ ፈጣኑ አሣሄል አበኔርን አሳደደው፤ አበኔርም ደጋግሞ ተመለስ አለው፤ እንቢ ባለ ጊዜ በጦር ወግቶ ገደለው። መምህራኑ ግን እንዲህ አሉ፤ እየሮጠ የጎድኑን ስፍራ መርጦ መውጋት የቻለ ሰው እግሩን ወይም እጁን መውጋት እንዴት አቃተው? አየህን፣ በእውነት ጦር ይዞ በሚያሳድድ ሰው ላይ እንኳ ሕጉ ይህን ያህል ይጠነቀቃል። ሐኪሞች በተለያዩበት በአገር ምክር ነገር፣ በስብሰባ መካከል ቆሞ ስለ ሰላም የሚናገርን ሽማግሌ አሳዳጅ ማለት ከዚህ ሕግ እጅግ የራቀ ነው። በእስራኤልም ብዙዎች መምህራን ድርጊቱን አጥብቀው ነቀፉ፤ ከገዛ ወገናቸውም ቃላችን ወዴት ደረሰ ብለው ራሳቸውን የመረመሩ ነበሩ።

ይህን አንብበህ «የአይሁድ ነገር ነው» አትበል። በኦሪት ዘዳግም በ21ኛው ምዕራፍ፣ ገዳዩ ያልታወቀ ሰው በሜዳ ሞቶ ቢገኝ፣ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች በጊደር ላይ እጃቸውን ታጥበው ይህን ደም አላፈሰስንም ብለው እንዲናገሩ ታዝዘዋል። ሚሽና በዚህ ነገር ተደንቆ ይጠይቃል፤ ሽማግሌዎቹ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? መልሱም፣ ወደ እኛ መጥቶ ሳለ ያለ ስንቅ አላሰናበትነውም፣ አይተነው ያለ ሸኚ አልተውነውም ማለታቸው ነው። እጁ ደም ያልነካ ሰው እንኳ መልስ አለበት።

እኔም መልስ አለብኝ። ከሃያ ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ሳገለግል የማኅበሩ ገንዘብ ጎደለ። ሣጥኑን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በእሑድ ቀን የአካንን ታሪክ ከመጽሐፈ ኢያሱ ወስጄ ሰበክሁ፤ በሰፈር መካከል የተሰወረ እርም ሕዝቡን ሁሉ እንደሚያስመታ አጥብቄ ተናገርሁ። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ዓይኔ ግን ወደ ሽማግሌው ወንበር ሄዶ ነበር፤ ጉባኤውም ዓይኔን ተከተለ። በዚያች ሌሊት ጎረምሶች በቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። ጎረቤት ቡና መጥራት ተወ። የልጅ ልጃቸውን በትምህርት ቤት አካን እያሉ ጠሩት። ሽማግሌውም ሳይሟገቱ ቤታቸውን ሽጠው ወጡ። በሦስተኛው ወር የአናጢው የክፍያ ደረሰኝ ተገኘ፤ ገንዘቡን እኔው ራሴ አስከፍዬ ረስቼው ነበር፤ ወረቀቱም የተገኘው በገዛ መዝገቤ መካከል ነው።

ለጉባኤው ተናዘዝሁ፤ ይህ ቀላል ነበር። ወደ ሽማግሌው ለመሄድ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በሄድሁም ጊዜ በደጃፋቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ በእግራቸው ላይ ወደቅሁ። አስነሡኝ፤ ውሃም አስመጡልኝ። ብዙም ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ይቅር ካልሁህ ቈይቼአለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ስታነብ የዘለልኸው አንድ ቃል አለ። ኢያሱ አካንን ሲመረምረው በመጀመሪያ ምን ብሎ ጠራው?»

አላወቅሁም። መጽሐፉን ከኪሴ አውጥቼ በፊታቸው ገለጥሁ፤ በ7ኛው ምዕራፍ በ19ኛው ቍጥር አገኘሁት። ልጄ ብሎት ነበር።