ወደ ጎን የሚመለከት ዓይን
(ዮሐ. 21፥15-22)

ጴጥሮስ ከጌታችን መከራ አስቀድሞ፥ ሌሎች ሁሉ ቢሰናከሉ እርሱ ከቶ እንደማይሰናከል ተመክቶ ነበር፤ በዚያችም ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ጴጥሮስ ግን ዘወር ብሎ ዮሐንስን ባየ ጊዜ፥ የዚያ ሰው ነገር እንዴት እንደሚሆን ጠየቀ። ጌታም ይህን አልገለጠለትም፤ እንዲከተለው ብቻ አዘዘው።

እኛስ በጸሎት ቤት ተቀምጠን ስንት ጊዜ ወደ ጎን እንመለከታለን? አንዱ የባልንጀራውን ድካም አይቶ ይታበያል፤ ሌላው የባልንጀራውን ጸሎት ሰምቶ፥ «እኔስ ከክርስቲያን አልቆጠርም» እያለ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም ዓይናቸውን ከመስቀሉ አንሥተዋል። የምንጸድቀው ከወንድማችን በልጠን ወይም ከእርሱ ጋር ተስተካክለን አይደለም፤ በክርስቶስ በማመን፥ በጸጋ ብቻ ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሲተረጉም፥ አስቴር ጋኖ የሕዝቡን ቃላት እየሰበሰበች ረዳችው። የሁለቱ ሥራ አንድ አልነበረም፤ ያገለገሉት ጌታ ግን አንድ ነበረ።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ጌታ እኛን ሲጠራን ስለ ጎረቤታችን አንጠይቀው። የወደቀውን እናንሣ፤ በበረታው ደስ ይበለን፤ እኛም በተሰጠን መንገድ እርሱን እንከተል። ጴጥሮስን ከውድቀቱ ያነሣ ጌታ እኛንም ይምራን። አሜን።