ስለ ሆድ ቆዳ መላላት ለእናቶች የተሰጠ ምክር

እኅቴ ሆይ፥ ልጆች ወልደሽ የሆድሽ ቆዳ ቢላላ፥ ይህ የእናትነት ምልክት ነው እንጂ ነውር አይደለም። ከቦሌ እስከ ገርጂ ግን ውበትን በሕክምና እናድሳለን የሚል ማስታወቂያ ይታያልና፥ ሳትመረምሪ አትግቢ።

ጥበቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በየካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች ይረዱበታልና። ነገር ግን የየአንዳንዱን ሥራ ለይተሽ እወቂ። ስብን በቱቦ መምጠጥ ውፍረትን ይቀንሳል እንጂ የተረፈውን ቆዳ አያስወግድም። የሰውነት እንቅስቃሴም ጡንቻን ያበረታል፤ እጅግ የላላውን ቆዳ ግን አይመልስም። ትርፉን ቆዳ የሚቆርጠው፥ የተራራቀውንም ጡንቻ የሚሰፋው ቀዶ ጥገና ነው። እርሱም ከዳሌ እስከ ዳሌ ጠባሳ ይተዋል፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፥ ደምም በእግር ሥር ሊረጋ ይችላል። ለ6 ሳምንት ያህልም ከባድ ነገር ማንሳት ይከለከላልና፥ ሕፃንሽን ማን ይሸከምልሻል? መውለድ ያላበቃችም ትቆይ፤ ዳግመኛ እርግዝና ሥራውን ሊያፈርሰው ይችላልና።

ቆዳሽ እየተፋተገ ቢቆስል፥ ወይም ረጋ ብለሽ አስበሽ ብትወስኚ፥ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ፈልጊ፤ መታከም ኃጢአት አይደለም። ባልሽ ስለ ናቀሽ ብቻ ከሆነ ግን፥ መታከም የሚገባው የእርሱ ልብ ነው እንጂ ያንቺ ሆድ አይደለም።

አንተም ባል ሆይ፥ ልጆችህን የተሸከመውን አካል አክብር።