«ሠራልኝ» እና «ሠራኝ»፦ ስለ አንድ የሐሙሲት ካሜራ ሠሪ

«ሰው ካልሄደ ወይም ካልሞተ አይመሰገንም» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ከዚህ ተረት አላመለጥንም። ሐሙሲት ከገበያው ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ዓይናቸው ላይ ማጉሊያ ሰክተው አሮጌ ካሜራ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ አንድ መስመር አልጻፍንላቸውም። ሲሞቱ ግን ይኸው ብዕር አነሣን። ስለዚህ ጽሑፋችንን በይቅርታ እንጀምራለን እንጂ በሙሾ አንጀምርም። ሙሾውን በለቅሶው ቀን ከኛ የተሻሉ አልቃሾች አውርደውታል።

ስማቸውን አንጽፍም። ቤተ ሰባቸው «ስሙን አታውጡት፤ እሱም ቢኖር አይወድም ነበር» ብለውናል። የገበያው ሰው የሚያውቃቸው «አያ ሠሪው» በሚለው መጠሪያ ነው፤ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን። የመጣንበት ጉዳይም ውዳሴ ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ አለን፦ ማንም በማያይበት ቦታ የሚሠራ ሰው ታማኝነቱ ዕዳ የሚሆንበት ለማን ነው? ለገዢው? ለፈጣሪው? ለኅሊናው? ወይስ ለሌላ፣ ገና ላልመጣ ሰው?

መጀመሪያ ቋንቋችንን እንመርምር። «ጠገነ»፣ «አደሰ» የሚሉ ቃላት አሉን። ነገር ግን ሰው በአፉ የሚለው «ሰዓቴን ላሠራ ነው»፣ «ሬዲዮኑ ተሠራ ወይ?» ነው። ይኸውም በሕዝቡ አነጋገር፣ የተበላሸን ዕቃ ወደ አገልግሎቱ የመለሰ ሰው ከመጀመሪያው ሠሪ እኩል «ሠሪ» ተብሏል ማለት ነው። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ሠራው፤ አያ ሠሪው ደግመው ሠሩት። ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ቋንቋው የሰጠው፣ እኛ የነፈግነው ክብር።

ታዲያ ያው ቃል ሌላ ፊት አለው። «ሠራልኝ» ያለ ሰው ማመስገኑ ነው፤ «ሠራኝ» ያለ ሰው ግን መታለሉን መናገሩ ነው። «ተሠራህ!» እያልን እንሳሳቅ የለም እንዴ? በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ል» ብቻ ናት። የጠጋኝ ሥነ ምግባር በሙሉ እዚያች ፊደል ውስጥ ይገባል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ለምን ቢሉ፣ ሸማኔ ጋቢውን ቢያሳሳው በእጃችን ዳብሰን እናውቅበታለን። ሸክላ ሠሪዋ እንስራውን በደንብ ሳትተኩስ ብታመጣው በጣታችን አንኳኩተን ድምፁን እንሰማለን። የካሜራ ሆድ ግን ጨለማ ነው፤ ጨለማ ካልሆነም ካሜራ አይደለም። ባለቤቱ ከፍቶ ልየው ቢል ፊልሙን ያቃጥላል፤ ዘዋሪውን ልፍታ ቢል ያበላሸዋል። ስለዚህ ማመን ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ሐኪምና ወጌሻ ፊት እንደምንቀርበው ሁሉ፣ ጠጋኝ ፊትም የምንቀርበው ዓይናችንን ጨፍነን ነው።

ለአያ ሠሪው ከሚመጡላቸው ካሜራዎች የሶቪየቶቹ ዜኒት፣ ዞርኪና ፌድ ይበዙ ነበር። ዜኒት ኢ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ሞስኮ አጠገብ ባለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ የተመረተ ነው። ከባድ፣ ደረቅ፣ ግን ጠንካራ ዕቃ ነው። የብርሃን መለኪያው ባትሪ አይፈልግም፤ ብርሃን ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሴኮንድ ይደርሳል። በውስጡ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች አሉ። አንደኛው ይሮጥና ለብርሃን መንገድ ይከፍታል፤ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። ሩጫቸው ካልተመጣጠነ የፎቶው አንድ ጎን ይጠቁራል። ጨርቁ በእርጅና ከተሰነጠቀ ደግሞ ብርሃን በቀዳዳው እየሾለከ ይገባል፤ በኔጋቲቩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ በወረቀቱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

እሳቸው ይህን ሁሉ ሲያስረዱን ቃላቸው አጭር ነበር። «ዞርኪ ላይ መጀመሪያ ሳብ፣ ኋላ አዙር» ይሉ ነበር፤ ፊልሙ ሳይሳብ የፍጥነቱ ቁልፍ ከዞረ ውስጡ ይጎዳልና። የስፌት መኪና ዘይት ጨምሮ የመጣውን ሰው «ዘይት ላንድ ሳምንት ያስሮጣል፤ ከዚያ አቧራውን ሰብስቦ ያስረዋል» ብለው ይገሥጹታል። ከዚያ ቁጭ ብለው በቤንዚን ያጥቡታል። አንድ ጊዜ እኛው ፊት አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሲለምናቸው፣ ገንዘቡን መልሰው እጁ ላይ አኖሩት። «ዛሬ ይሠራል። ነገ ግን አላውቅለትም። ሠርግ ደግሞ አይደገምም፤ ሌላ ተዋስ» አሉት። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። የያኔው ሒሳብ ለእኛም አልገባንም ነበር፤ የመጣን እንጀራ በገዛ እጅ መመለስ!

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። ያደግነው ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ አልፊን «ፋቂ»፣ ብረት ሠሪን «ጠይብ»፣ ሲብስም «ቡዳ» እያለ በሚሰድብ አገር ነው። ዓፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ምላስን አሠረ ይሆናል፤ ልብን ግን አልደረሰበትም። ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የውጭ አገር ሰዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. ወራት በፈጀ ጉዞ፣ በሺህ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። የንጉሡን ስም ሁላችን እናውቃለን። የፈረንጆቹንም ስም፣ እነሱው ጽፈው አስቀምጠውታልና፣ ፈልገን እናገኛለን። ወናፍ ሲነፉ፣ ከሰል ሲያከስሉ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ የዋሉት ያገሩ ልጆች ስም ግን የት አለ? «ስም ከመቃብር በላይ ነው» እንላለን። ለባለ እጅ ግን ስሙም አብሮት ተቀብሯል። እኛስ፣ ዲግሪ ጠባቂዎቹ፣ ከዚያ ዘመን ሰው በምን ተለየን? አያ ሠሪው «ከእናንተ አንዱ ይምጣና ይህን ነገር ልስጠው» ሲሉን «ፈተና ይለፍ» አልናቸው። ፈተናው አለፈ፤ እሳቸውም አለፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከመሞታቸው ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሳንጠይቃቸው፣ አንድ ታሪክ ነገሩን።

ጎልማሳ ሳሉ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግድም፣ በጦርነቱ ዘመን። አንድ ነጋዴ መጋረጃው የተሰነጠቀ ካሜራ ያመጣል። «ለአንድ ወር ይሥራልኝ፤ ሸጬ እገላገለው» ይላቸዋል። እሳቸውም ስንጥቁን በጥቁር ቀለም ደፈኑት። ሲደርቅ ተመልሶ እንደሚፈረካከስ እያወቁ! ካሜራው ለአንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ተሸጠ። ያ ወጣት ለዘመቻ የሚሄድ አንድ ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ቆሞ፣ ፎቶ ያነሣል። ልጁ ሄደ፤ አልተመለሰም። እናቲቱ ፎቶውን ፍለጋ መጣች። ፎቶው ሲታጠብ ግን የልጁ ፊት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ፈስሶበታል። የእናቲቱ ፊት ደህና ነው፤ የሱ ግን የለም። ወጣቱ ፎቶ አንሺ ኔጋቲቩን ይዞ ወደ እሳቸው መጣ። «አያ፣ ይሄን ምን ነካው?»

«ምን እንደነካው አወቅሁ» አሉን። «መጋረጃውን በአዲስ ጨርቅ ቀየርኩለት፤ ሳንቲም አልተቀበልኩትም። እሱ ደግ መሰልኩት፤ መረቀኝ። ለሷ ግን ምንም አላልኳትም።» ከዚያ ወዲያ ላንድ ቀን የሚሆን ሥራ በእጃቸው እንዳልሠሩ ነገሩን። የሠርግ ፎቶ አንሺውን ገንዘብ ለምን እንደመለሱለት የገባን ያን ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ ይዘን ማኅበራችን ውስጥ ሁለት ሌሊት ተከራከርን። ግማሾቻችን «ለእናቲቱ መንገር ነበረባቸው። ጥፋት የሚሠረየው ለተበደለው ሲነገር ነው፤ በሌላ ሰው ካሜራ ላይ መልካም መሥራት የሷን ዕዳ አይከፍልም» አልን። ሌሎቻችን «ቢነግሯት ምን ታተርፋለች? ፊቱ አይመለስ! የሚቀለው የተናጋሪው ሸክም ነው፤ የሰሚዋማ ይብስበታል» አልን። አንዲት እኅታችን ግን ሁላችንንም ዝም የሚያሰኝ ነገር ተናገረች፦ «እናቲቱ እኮ ይሄን ሁሉ ዘመን ምናልባት ራሷን ስትወቅስ ኖራ ይሆናል። ‹ዕድሌ ነው፣ ቢቆይ ኖሮ ሌላ ቀን እናነሣው ነበር› እያለች። ቢያንስ ጥፋቱ የሷ ዕድል እንዳልሆነ ማወቅ ይገባት ነበር።»

እውነት ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ አያ ሠሪውን ቅዱስ አናደርጋቸውም። ሟችን ማክበር ማለት ጥፋቱን ቀለም ቀብቶ መድፈን ከሆነ፣ እኛም ያንኑ ስንጥቅ መጋረጃ ደገምነው ማለት ነው። አንድ ዕዳ ሳይከፍሉ ሞተዋል። እሳቸውም ያውቁት ነበር፤ የነገሩንም ለዚህ ይመስለናል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ታማኝነት ዕዳ የሚሆነው ለማን ነው? ከሐሙሲት ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ እንፍራዝ አለች። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ እንደተነገረው፣ ፈላስፋው ሀብቱ በተባለ ባለጠጋ ቤት መጽሐፍ እየገለበጠ፣ በእጁ ሥራ የኖረው እዚያ ነው። መጽሐፉን የጻፈው እሱ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለው የሊቃውንት ክርክር አልተዘጋም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ ፈጣሪ በሰው ልቡና ውስጥ ብርሃን አኑሯል፤ መርማሪውም ዳኛውም እሱ ነው። በዚህ ብንሄድ፣ አያ ሠሪው ታማኝ መሆን የነበረባቸው ለልቡናቸው ነው።

መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን የጎደለው ነገር አለ እንላለን። ያን ቀን ልቡናቸው አልጠፋም ነበር። የጠፋው ሰው ነው። በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴውና ጠጋኙ። በመካከላቸው ስምምነት ነበር፤ ማንም ማንንም አላታለለም! ሦስተኛዋ ግን፣ ያቺ እናት፣ ገና አልመጣችም። የካሜራ ባለቤት ማለት ካሜራውን የገዛው ብቻ አይደለም፤ ነገ ፊቱ የሚቆመው ሁሉ ነው። ስለዚህ የኛ መልስ ይህ ነው፦ በጨለማ የሚሠራ ሰው ታማኝነቱ ከሁሉ በፊት ለሦስተኛው ሰው፣ ደጃፉን ረግጦ ለማያውቀው ሰው ነው። ኅሊናም ቢሆን ሥራው ያንን የሌለ ሰው አምጥቶ ከፊት ማስቀመጥ ነው።

«አሁን ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ባለ ካሜራ ስልክ ይዞ፣ ስለ ዜኒት መጋረጃ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን ጓደኛ አለ። ወንድማችን ሆይ፣ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግባና ግድግዳውን ተመልከት። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ያለቁት ወጣቶች ፊት እዚያ ተደርድሯል። ያን ፊት ያተረፈልን አንድ ካሜራ ነው። ያ ካሜራ ያን ቀን እንዲሠራ ያደረገ አንድ እጅ ደግሞ የሆነ ቦታ ነበር። ያ እጅ ማን ይሁን፣ የት ይሁን፣ ማንም አይጠይቅ። ደግሞስ ካሜራው ቢያልፍ ጨለማው ሆድ አለፈ እንዴ? ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ ሒሳብ ሠራተኛ እንሆናለን። የድልድዩን ብረት ውፍረት ማን ከፍቶ ያየዋል? በሲሚንቶ ተሸፍኖ! የፈተናውን እርማት ማን ያየዋል? ሁላችንም ላንድ ወር የሚሆን ቀለም እንድንቀባ የሚለምነን ነጋዴ ይመጣብናል። ዋጋውም ጥሩ ይሆናል። ያን ቀን «ሠራልኝ» እንባል ይሆን ወይስ «ሠራኝ»? ወይስ የተሠራው ሰው፣ እንደዚያች እናት፣ መሠራቱን እንኳ ሳያውቅ ይቀር ይሆን?

በለቅሶው ቀን የአያ ሠሪው ፎቶ ተፈለገ። ስንቱን ካሜራ አሠርተው የላኩ ሰው፣ የተገኘላቸው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። አስፋፍተው ሲያትሙት ደበዘዘ፤ ያንኑ ይዘው አለቀሱ። ካቻቢቴያቸውና ወረንጧቸው እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ፣ አንድ ተፈትቶ ያልተገጠመ ዞርኪ አጠገብ ተቀምጠው አየናቸው። የሚገጥመው ሰው ሐሙሲት ውስጥ አሁን የለም።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት የሚከተለውን ተስማምተናል። ከእሳቸው የሰማነውን ሁሉ፣ «መጀመሪያ ሳብ፣ ኋላ አዙር» የሚለውን ሳይቀር፣ በደብተር ጽፈን ለልጃቸው እንሰጣለን። በመጪው ሐሙስ ደግሞ ገበያ እንወርዳለን። ሬዲዮ ሠሪው አለ፣ ጃንጥላ ጠጋኙ አለ፣ ጫማ ሰፊው አለ። አጠገባቸው እንቀመጥና ስማቸውን እንጠይቃለን፤ ከፈቀዱልንም እንጽፋለን። እነሱ ሳይሞቱ፣ እኛም ፈተና ሳንል።