ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ነጋሪና ስለ አድልዎ

ስለ ዳኛ አድልዎ የማይናገር ሰው የለም፤ ስለ ተናጋሪ አድልዎ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ዳኛ ቢያደላ የተበደለው ሰው ይግባኝ ይላል፤ ምስክር ይቆጥራል፤ ፍርዱም የተጻፈ ነውና ሌላ ዳኛ ሊያየው ይችላል። ተናጋሪ ቢያደላ ግን ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ በሕዝብ ጆሮ ገብቶ ይቀራል እንጂ ይግባኝ የሚባልበት ሸንጎ የለውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ጥያቄ፥ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ቆሞ ሩጫውን ለሕዝብ የሚያሰማ ሰው ለአንዱ ጋላቢ ሊያደላ ይገባዋልን? የሚል ነው። ነገሩ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር የማይሆን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በእኛ አገር ፈረስ የጨዋታ ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ፥ ደጋው እየቀረበ በሄደ ቁጥር ፈረስ እየበዛ መሄዱን በዓይኑ ያያል። በገጠሩ ፈረስ ሙሽራ ያጅባል፤ በጥምቀት ታቦት ያጅባል፤ ሬሳም ሲሸኝ በፈረስ ነው። በእንጅባራ ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል አለ። ይህ ማኅበር አገራችን በጠላት እጅ ሳለች በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ለዘመቱት ፈረሰኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። በዚያ ቀን ግላስ የለበሱ ፈረሶች በሶምሶማና በግልቢያ፥ በሽርጥና በጉግስ ይታያሉ። እንግዲህ አያቱ በአድዋ የዋለ ወጣት በዚያ ሜዳ ላይ ፈረሱን ሲያስነሣ የሚጋልበው ስለ ራሱ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ገንዘብ አልተወራረደበትም፤ የተወራረደበት ስም ነው።

በእንዲህ ያለ ሜዳ ፊት የቆመ ሰው ያያል፤ ከኋላ የቆመው ግን አቧራውን እንጂ ፈረሱን አያይም። ሽማግሌውና ዓይነ ስውሩ፥ ሕፃን ያዘለችውም እናት በድምፅ ማጉያ የሚሰማውን ያምናሉ። በሬዲዮ የሚሰማው ሰው ደግሞ ከቃሉ በቀር ምንም የለውም። ስለዚህ ነጋሪው ዓይኑን ለሕዝብ ያበደረ ሰው ነው። ሌላው ሥራው ሁሉ፥ ማድመቁም ማሣቁም፥ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አባቶቻችን በአደባባይ የሚናገሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሯቸው። አንደኛው አዋጅ ነጋሪው ነው። እርሱ በገበያ ቀን ነጋሪት አስጎስሞ የተነገረውን ይናገራል፤ አይጨምርም፥ አይቀንስም። ሁለተኛው አዝማሪው ነው። እርሱ በፊቱ የተቀመጠውን ያወድሳል፤ ነገ በሌላው ፊት ሲቆም ያንን ያወድሳል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ በአዝማሪ ውዳሴ የሚታለል ሰው የለም። አዝማሪ ማድላቱ ሙያው ነውና አይነቀፍበትም። የእሽቅድምድም ነጋሪ ግን በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ ልብን እንደ አዝማሪ ያሞቃል፥ ቃሉ ግን እንደ አዋጅ ነጋሪ ይታመናል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የሚያደላ ነጋሪ በአዋጅ ነጋሪ ልብስ የአዝማሪን ሥራ ይሠራል፤ ሰሚው ውዳሴን እንደ ምስክርነት ይቀበላል ማለት ነው።

አድልዎው ደግሞ ሁልጊዜ በሐሰት መልክ አይመጣም፤ ቢሆን ኖሮ ማንም በቀላሉ ይይዘው ነበር። አንዳንዱ የሚወደውን ጋላቢ አሥር ጊዜ ሲጠራ ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። አንዳንዱ የሁሉንም ስም ይጠራል፥ ነገር ግን ለአንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሌላው ዝቅ ያደርጋል። የወደደው ሲወድቅ «መሬቱ አዳልጦት ነው» ብሎ ሌላው ሲወድቅ «ልጓም አያያዝ አላወቀም» የሚልም አለ። የከፋው ግን ዝም የሚለው ነው፤ አምባላዩ ፈረስ ከኋላ ተነሥቶ ሦስቱን ሲያልፍ፥ እርሱ ገና ከፊት ስላለው ዳማ ፈረስ ያወራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል ላይኖር ይችላል። እውነት ግን ተጎድታለች፤ እውነት የምትጎዳው በተጨመረው ብቻ ሳይሆን በተቀነሰውም ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ሰው ልብ አለው፤ ልብ የሌለው ነጋሪ እንደ ቀዘቀዘ ወጥ ነው። ደግሞስ ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ዚምባብዌ አዲስ አበባ ላይ ለምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ሲጋጠሙ፥ ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት እስኪለይ ድረስ በጭንቀትና በደስታ ድምፅ ያስተላለፉትን የሚነቅፍ ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» የሚሉ አሉ። እኔም አልነቅፍም። ነገር ግን ምክንያቱን እንመርምር። እርሳቸው ይናገሩ የነበረው ለማን ነው? ለኢትዮጵያውያን ነው። የሚሰማቸው ሁሉ ልቡ በአንድ ወገን ነበር፤ ስለዚህ ደስታቸው ከሰሚው የወሰደው ነገር የለም፥ እንዲያውም የሰሚውን ደስታ ቃል ሰጠው። ደግሞም ሁሉም የማን ወገን እንደ ሆኑ ያውቅ ነበርና የተታለለ የለም። በእንጅባራ ሜዳ ግን እንዲህ አይደለም። ሰባቱም ቤት በዚያ አለ። ለአንዱ ቤት እልል የሚል ነጋሪ ለስድስቱ ጀርባውን ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ መለኪያ አገኘን ማለት ነው፤ ነጋሪው «እኔ ማንን እወዳለሁ?» ብሎ ሳይሆን «ዓይኔን ያበደርኩት ለማን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

«ይህ ከሰው ዓቅም በላይ ነው» የሚል ቢኖር፥ ያደረገ ሰው መኖሩን አመለክተዋለሁ። ፒተር ኦሱሊቫን የሚባሉት የፈረስ እሽቅድምድም ነጋሪ በቢ.ቢ.ሲ. ሃምሳ ዓመት ያህል አገልግለው እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራቸውን አቁመዋል። እኚህ ሰው ራሳቸው የፈረስ ባለቤት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 በቼልተንሃም በተደረገ እሽቅድምድም አቲቮ የተባለው የራሳቸው ፈረስ ሲሮጥ የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ። ፈረሳቸውም አሸነፈ። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳይለውጡ ሩጫውን እስከ ፍጻሜው ተናገሩ፤ የባለቤቱን ስም የጠሩትም እንደ ሌላው ባለቤት ሁሉ በተራው ነው። ልባቸው አልመታም ብዬ አላምንም። ፈረስ ጋላቢ ፈረሱን በልጓም እንደሚይዝ እርሳቸውም ልባቸውን በልጓም ያዙ እላለሁ እንጂ። አለማድላት ፍቅር ማጣት አይደለም፤ ፍቅርን መግዛት ነው።

ከዚህም ሌላ የማያደላ ዓይን የሚያየውን የሚያደላ ዓይን አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር በታላቁ የግራንድ ናሽናል እሽቅድምድም ሃያ ሦስተኛው አጥር ላይ አንድ ጋላቢ የሌለው ፈረስ ወደ ጎን ታጥፎ መንገዱን ዘጋ፤ የሚከተሉትም ፈረሶች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ቆሙ፥ ጋላቢዎችም ወደቁ። በዚያ ግርግር መካከል ከኋላ የመጣ ፎይናቮን የተባለ ፈረስ ቀዳዳ አግኝቶ አጥሩን ዘለለና ብቻውን ቀድሞ አሸነፈ። ይህ ፈረስ አንድ ላስያዘበት መቶ የሚከፈልበት፥ ማለት ማንም ተስፋ ያልጣለበት ነበር። ባለቤቱም አሠልጣኙም እንኳ በስፍራው አልተገኙም። ነገር ግን በዚያ አጥር አጠገብ ተመድበው ይናገሩ የነበሩት አየርላንዳዊው ማይክል ኦሄር ፈረሱን ወዲያው ለይተው ስሙን ጠሩ። ዓይናቸውን በተወደዱት ፈረሶች ላይ ብቻ ተክለው ቢሆን ኖሮ የሚናገሩት ስለ ወደቁት ብቻ በሆነ ነበር። በሜዳው ላይ ወገን የሌለው ፈረስ ቢያንስ የነጋሪው ዓይን ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከርኅራኄ የሚመጣ ነው። «ታዲያ የመጨረሻውን ማበረታታት፥ በአባቱ ኮርቻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውን ልጅ አይዞህ ማለት አድልዎ ነውን?» ይላሉ። አይደለም። ርኅራኄና አድልዎ በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው አይወስድም፥ አድልዎ ግን የሚሰጠውን የሚያገኘው ከሌላው ቀምቶ ነው። ለልጁ አይዞህ ማለት የአሸናፊውን ድል አይቀንስም። አራተኛ የወጣውን ሁለተኛ ነው ማለት ግን ሁለተኛውን መስረቅ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ስፍራ አስቀምጠው ድኻውን ከእግራቸው በታች የሚያስቀምጡትን የገሠጸው፥ እንግዳ ስላከበሩ አይደለም፤ በሁለት ሚዛን ስለ መዘኑ ነው።

በእንጅባራ ደግሞ ሌላ ስውር አድልዎ አለና ልብ ሊባል ይገባል። በዚያ የሚሰበሰበው ሕዝብ በአዊኛም በአማርኛም የሚናገር ነው። ለአንደኛው ቋንቋ ተናጋሪ ሁሉን ዘርዝሮ ለሁለተኛው በአጭሩ የሚያልፍ ነጋሪ፥ በጋላቢዎች መካከል ባያደላም በሰሚዎች መካከል አድልቷል። በትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት የሚያነብ መምህር የሁሉንም ስም በአንድ ድምፅ እንዲያነብ ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፥ ነጋሪውም ይህን ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

ምናልባት «ለአንድ ቀን ጨዋታ ይህን ያህል?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። የአንድ ቀን ጨዋታ ግን የአንድ ቀን ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሁለት ፈረሶች አንገት ለአንገት ሆነው ሲገቡ፥ ዳኛው ሳይናገር በፊት ሕዝቡ የሰማው የነጋሪውን ድምፅ ነው። ነጋሪው የወደደውን አስቀድሞ አሸናፊ ካለ፥ ዳኛው እውነቱን በተናገረ ጊዜ ሕዝቡ ዳኛውን ቀማኛ አድርጎ ያየዋል። እንዲህ ያለ ቂም ከሜዳ ወደ ገበያ፥ ከገበያ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ጠብን የሚያመጣው ፈረሱ አይደለም፥ በኮርቻ ላይና በድምፅ ማጉያ ፊት ያለው ሰው ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማችን የሰላም መንገድ ተብሎ ከተጠራ ወዲህ፥ ስሙን የምናስከብረው በእንዲህ ያሉት ትንንሽ ነገሮችም ጭምር ነው።

ስለዚህ ለወጣት ነጋሪዎች የምመክረው ይህን ነው። ሩጫው ሳይጀመር የሁሉንም ጋላቢ ስምና የሁሉንም ፈረስ መልክ አጥኑ፤ ስሙን የማታውቁትን ሰው በትክክል ልትጠሩት አትችሉምና። በሩጫው ጊዜ ማንም ሳይጠራ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ጉልበታችሁን ለሰውየው ሳይሆን ለሥራው አድርጉት፤ ያማረ ግልቢያ ያደረገ ከየትም ቤት ይምጣ ድምፃችሁ ይነሣለት። አንገት ለአንገት ሲገቡ ግን አሸናፊውን ለዳኛው ተዉለት። የገዛ ወንድማችሁ በሜዳው ካለና ልባችሁን መግዛት ካቃታችሁ፥ ለዚያ ሩጫ ድምፅ ማጉያውን ለሌላ ሰው ስጡና ከሕዝቡ ጋር ቆማችሁ እንደ ልባችሁ እልል በሉ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ከወንድሙም ከሕዝቡም ጋር ታማኝ ሆኖ መኖር የሚፈልግ ሰው የሚያደርገው ነው።

ፈረሱስ ቢሆን የተወደሰውን ከተነቀፈው አይለይም፤ ጭድና ገብሱን ካገኘ ይበቃዋል። ቃሉን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው ጋላቢው ነው። በዚያ ማታ አባቱ በእሳት ዳር «ስምህን ጠሩትን?» ብሎ ሲጠይቀው፥ በሁለተኛነትም ሆነ በመጨረሻ የገባው ልጅ «አዎን፥ እንደ ሮጥሁት አድርገው ጠሩት» ብሎ መመለስ ከቻለ፥ ነጋሪው ዕዳውን ከፍሏል።